ማሽኑን ከአሜሪካ ከማስላክሽ በፊት ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንዳየሁ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ነው መጻፍ የጀመርኩት። «ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ እህቴ ከአሜሪካ የኤሌክትሪክ አይስክሬም ማሽን ልትልክልኝ ነው፣ ለልጆቼ ቤት ውስጥ መሥራት ያዋጣኛል ወይ?» ብለሻል። ያዋጣሻል። እኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም ሆኜ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ግን እህትሽ ገና ካልገዛች ዛሬውኑ ደውዪላት።

1. ቮልቱን እዪ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ሌላው ሁሉ ቢረሳሽ ይህ እንዳይረሳሽ።

እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ማሽን የላከልኝ ወንድሜ ነበር። ዕቃው ባሕር ዳር ደረሰ ተባልኩና ልቀበል ሄድኩ። የተላክሁበት መሥሪያ ቤት ከጠዋት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። «ፎቶ ኮፒ አምጪ» አሉኝ፣ አመጣሁ። «ይሄ አይደለም» አሉኝ፣ ሌላ አመጣሁ። በመጨረሻ ሠራተኛዋ ወረቀቴን አየት አደረገችና፣ «ለአይስክሬም ነው እንዲህ የምትንከራተቺው?» አለችኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። አዎ፣ ለአይስክሬም ነው። ለልጆቼ ነው። መልስ ሳልሰጣት ፈርሜ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ንዴቴ ሳይበርድ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገባሁ። የማሽኑ ሶኬት ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ስላለው እኛ ግድግዳ ላይ አይገባም። ባለ ሱቁ ትንሽ መቀየሪያ ሰጠኝና «ይህን ሰክተሽ መጠቀም ነው» አለኝ። አመንኩት። መቀየሪያው ግን የሚቀይረው የጥርሱን ቅርጽ ብቻ ነው፤ 220ውን እንዳለ ነው የሚያሳልፈው። በነጋታው ልጆቹ ከበውኝ ወተቱን ጨምሬ ከፈትኩት። ከሚገባው በላይ የፈጠነ ድምፅ አሰማ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ከዚያ ጭስ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ጠጋኙ ከፍቶ ሞተሩ ማለቁን ነገረኝ። ሱቁ ድረስ ተመልሼ ብሄድ ደግሞ «እኔ የሸጥኩልሽ ሶኬት ነው፣ ማሽን አልሸጥኩልሽም» ተባልኩ። ወንድሜ ሌሊት እየሠራ ባጠራቀመው ብር የገዛው ማሽን ነው!

ስለዚህ እህትሽ ከመግዛቷ በፊት ሞተሩ ላይ ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ታንብብ። 120 ቮልት ብቻ ካለ ትተወው። 220 ወይም 240 ድረስ የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ መቀየሪያዋ ሶኬት ትበቃለች። ገዝታ ከሆነ ደግሞ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል፤ ዋቱ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው በእጥፍ የሚበልጥ ይሁን። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ሄርዙን (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበትን) አይለውጥም። የእነሱ 60፣ የእኛ 50 ነው። አንዳንዱ ሞተር በዚህ ምክንያት ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። እኔ ሁለተኛውን ያስመጣሁት ዱባይ ካለችው የአክስቴ ልጅ ነው። የዱባይ መብራት እንደኛው ስለሆነ እስካሁን አንድ ቀን አላስቸገረኝም።

2. ፍሪዘርሽን ለኪ። የራሱ ማቀዝቀዣ ያለው ውድ ማሽን ካልሆነ በቀር የሚላክልሽ ጎድጓዳ ሳህኑ ፍሪዘር ውስጥ የሚያድረው ዓይነት ነው። ሳህኑ ድርብ ነው፤ በመሐሉ ፈሳሽ አለ፤ አይስክሬሙን የሚያቀዘቅዘው ያ ፈሳሽ በረዶ ሲሆን ነው። 24 ሰዓት ይደር። ስታወጪው ነቅንቂው፤ ውስጡ ቸብ ቸብ የሚል ድምፅ ከሰማሽ አልደረሰም፣ መልሺው። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ላይኛዋ ትንሿ በረዶ ቤት አትበቃም፤ ቅዝቃዜዋም አይደርስ፣ ሳህኑም አይገባ። የሚፈለገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው።

መብራቱን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሃያ ሰዓት ጠብቀሽ ሲጠፋብሽ ያበሳጫል። እኔ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ውሃ ሞልቼ (እስከ አፉ አይደለም፣ በረዶ ሲሆን ያብጣል) ፍሪዘሩን ሞልቼዋለሁ። መብራት ቢሄድም በሩን ካልከፈትሽ ቅዝቃዜውን ይዘው ያቆዩልሻል። ሳህኑን ስታጥቢ በሙቅ ውሃ አይሁን፤ በደንብ ሳታደርቂ አትመልሺው፤ በብረት ማንኪያ አትፋቂው።

3. ወተቱ። እዚህ ላይ እኛ ጎጃሞች ታድለናል። የሀበሻ ላም ወተት ከፈረንጅ ላም ይልቅ ቅባት አለው። ግማሽ ሊትር ወተት፣ ሩብ ሊትር ክሬም፣ 150 ግራም ስኳር፣ የአራት እንቁላል አስኳል፣ ቁንጥር ጨው። ክሬም ካጣሽ ወተቱን አፍልተሽ አሳድሪና ስልባቦቱን ሰብስቢ፤ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ነው። ወተቱን አፍልተሽ ካበረድሽው በኋላ አስኳሉንና ስኳሩን መትተሽ ጨምሪና ዝቅ ባለ እሳት መልሰሽ ጣጂው። አስኳሉ የሚወፍረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ እንኳ እናንተ ጋ በ92 ገደማ ይፈላል። ልዩነቷ ትንሽ ናት፤ ዞር ካልሽ እንቁላል ፍርፍር ይሆንብሻል። ማንኪያው ጀርባ ላይ መለጠፍ ሲጀምር አውጪው። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ሞቅ ያለ ነገር ሳህኑ ውስጥ ከጨመርሽ የ24 ሰዓቱ ልፋት በአምስት ደቂቃ ይቀልጣል።

መጀመሪያ ማሽኑን አስነሺ፣ እየዞረ ሳለ ጨምሪ፣ ከሳህኑ ሁለት ሦስተኛ አትለፊ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ለስላሳ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ እንዲጠነክር ሌላ ሦስት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ።

ወተት የምታመጣልሽን ሴት ግን ዕቃዋን በወይራ ታጥነው እንደሆነ ጠይቂያት። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ የመጀመሪያው አይስክሬም ጭስ ጭስ አለ፤ ልጆቹ «እርጎ እርጎ ይላል» ብለው ተዉት። ኋላ ስኳሩን ቀንሼ የአገራችንን ነጭ ማር ጨመርኩበት። የማሩና የወይራው ሽታ ሲገናኙ! ዛሬ ለልደትም ለክርስትናም የሚያዙኝ ያንን ነው። ማር ሲኖርበት ግን ከስኳር ይልቅ ለስላሳ ስለሚሆን ከስኳሩ ግማሹን ብቻ ነው የምተካው።

የጾሙን አትርሺ። ሁዳዴ 55 ቀን ማሽኑ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለበትም። በማንጎና በሎሚ፣ ወይም በአቮካዶ ትሠሪያለሽ። ውሃ አታብዢ፤ ስኳር ካነሰ ድንጋይ ይሆናል፣ ከበዛ ጭራሽ አይረጋም።

አሁን ለእህትሽ ደውዪና የጽሑፉን ፎቶ ታንሣልሽ። እዚሁ ላኪልኝ፤ አይቼ ይሆናል አይሆንም እልሻለሁ።