ከክሬሙ በፊት ጥላው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት። ከበታቹ የመለሱልሽ ሰዎች የክሬም ስም ብቻ እየጻፉ ስላለፉ እኔ ትንሽ ረዘም ላድርገው። ጥያቄውን ላላያችሁት፦ እህታችን 33 ዓመቷ ነው። በሥራ ዝውውር ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ከመጣች ወዲህ ጉንጯ ላይ ማዲያት ወጥቶባታል። ዓይኗ ሥርም መስመር መስመር ጀምሯል። «የሐይቁ አየር አልተስማማኝም መሰለኝ፣ ፊቴ ያለ ዕድሜው አረጀ። የቢሮ ልጆች አንድ ቅልቅል ክሬም ጠቁመውኛል። በየቀኑ ምን ላድርግ? ብዙ ብር የለኝም» ነው ያለችው።

እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚሁ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። ግን ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ብዙ ፊት ያያል። አንድ ሰው ዘንድሮ ምን እንደገዛ፣ በዓመቱ ምን መስሎ እንደተመለሰ ያያል። የራሴም ዕድሜ አርባን ተሻግሯል፣ ስለዚህ የምነግርሽን ራሴም የማደርገው ነው።

በመጀመሪያ ጣናን ነፃ እናውጣው። «ውሃው ፀሐይ እያንጸባረቀ ነው የሚያጠቁረን» እየተባለ ሁሉም በሐይቁ ያሳብባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ውሃ ካረፈበት አልትራቫዮሌት ጨረር (ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር) መልሶ የሚያንጸባርቀው ከ10 በመቶ በታች ነው። ደረቅ አሸዋ እንኳ ወደ 15 በመቶ ይመልሳል። ማንም የማያስበው ከፍታውን ነው። 1000 ሜትር ከፍ ባልሽ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባሕር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ወደ 2400። እንግዲህ የማርቆሱ ፀሐይ ከዚህኛው አይተናነስም፣ እንዲያውም ይብሳል! ልዩነቱ ምን መሰለሽ፣ ማርቆስ ብርድ ነው። ሹራብ ወይ ጋቢ ሳትደርቢ አትወጪም። እዚህ ሙቀቱ ያስወልቅሻል። ክንድ ተገለጠ፣ አንገት ተገለጠ፣ ነጠላው ቦርሳ ውስጥ ገባ። አመሻሽ ላይ ሐይቅ ዳር ንፋስ ብትቀበዪ ማንም አይከለክልሽም። ጉዳቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ያለው ነው።

ካላመንሽኝ አሁኑኑ እጅጌሽን ሰብስቢ። የክንድሽን የውስጥ በኩል፣ ወደ ብብትሽ የተጠጋውን ቆዳ እዪው። ቀጥሎ የእጅሽን ጀርባ እዪ። ሁለቱም 33 ዓመታቸው ነው። አንዱ ለስላሳ ነው፣ ቀለሙም አንድ ዓይነት ነው። ሌላው ጠቆር ያለ፣ ደረቅ፣ መስመር የበዛበት ነው። የበሉት ምግብ አንድ፣ ዘራቸውም አንድ። ያለያያቸው ፀሐይ ነው። የረጅም መስመር ሹፌሮችን ግራ ክንድም አስተውዪ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ሁሌ የባሰ ነው። መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ያስቀረዋል። ዩቪኤ የሚባለው፣ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን የሚሰባብረው ግን ሾልኮ ይገባል።

ስለዚህ ወጣት የሚመስል ቆዳ የምትፈልጊ ከሆነ ብርሽን መጀመሪያ የምታወጪው ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

«ጥቁር ሰው ሰንስክሪን ምን ያደርግለታል?» የሚሉኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ የእኛ ቆዳ የራሱ መከላከያ አለው። ፀሐይ ቶሎ አያቃጥለንም፣ ከነጮቹም ዘግይተን ነው የምንሸበሸበው። ግን ያው ቀለም ሲነካኩት ቶሎ ይቆጣል። ነጩ ላይ መስመር የሚያወጣው ፀሐይ እኛ ላይ መጀመሪያ ማዲያት ያወጣል። ፊታችንን ያረጀ የሚያስመስለውም ከሽብሽብ ይልቅ ይኸው ዥጉርጉር ቀለም ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ፣ በ2013 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከ900 በላይ ሰዎችን ለ4 ዓመት ተኩል ሲከታተሉ፣ በየቀኑ የተቀቡት በመሰላቸው ጊዜ ብቻ ከተቀቡት ይልቅ የቆዳ እርጅናቸው 24 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። ቁም ነገሩ «በየቀኑ» የሚለው ላይ ነው። ለጥምቀት ወይ ለሠርግ ቀን ብቻ ተቀብቶ ውጤት የለም።

አሁን ወደ ጠዋትሽ። ፊትሽን ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ። ማታ በደንብ ታጥበሽ ካደርሽ ጠዋት ሳሙና አያስፈልግም። በልብስ ሳሙና ፊት መታጠብማ ጭራሽ አይታሰብ፣ ቆዳሽ ወጠር ካለሽ ሳሙናው ጎድቶሻል ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና ርጥብ እያለ ቅባትሽን ቀቢ። ውድ መሆን የለበትም። ሽቶ የሌለው ተራ ሎሽን ይበቃል። ግሊሰሪን ከሆነ ያለሽ፣ እንዳለ አትለቅልቂው፣ ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። መዳፍሽ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ከውሃ ጋር ቀላቅይው። ቫዝሊን ደግሞ ርጥበት አይሰጥም፣ ያለውን ነው የሚይዘው። ደረቅ ፊት ላይ ቀብተሽ «አልሠራልኝም» አትበዪ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ንፋስ ሲመጣ ይህን ታስታውሺዋለሽ።

ከዚያ ሰንስክሪን። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። 30 የሚለው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፣ 50 የሚለው 98። 100 ለሚል ዕቃ እጥፍ ዋጋ አትክፈዪ። ይልቅ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል እንዳለበት እዪ፣ ዩቪኤንም ይከላከላል ማለት ነው። ልኩ የሌባ ጣትሽና የመሃል ጣትሽ ርዝመት ሙሉ ነው። ሰዎች አተር የምታህል ጠብ አድርገው ፊት፣ ጆሮ፣ አንገት ያዳርሱባታል። እንደሱ ከሆነ የተጻፈውን ቁጥር ሩቡንም አታገኚ። ነጠላ የማይሸፍነውን የአንገትሽን ጎንና የእጅሽን ጀርባ አትርሺ። ፊታቸው የሃያ አምስት፣ እጃቸው የአምሳ የሚመስል ሴቶች አውቃለሁ።

አንዳንዱ ሰንስክሪን ፊት ላይ ዱቄት እንደተነፋበት ያስመስላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚተዉት። ማዲያት ስላለብሽ ቀለም ያለውን፣ የቆዳ ቀለም የሚመስለውን ካገኘሽ እሱን ያዢ። ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ተራውን የሚታይ ብርሃንም ስለሚጋርድ ለማዲያት ከሌላው ይሻላል። ነጩን አመድም ያስቀርልሻል። ስትገዢ የማብቂያ ቀኑን እዪ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከዋለ ዕቃ አትግዢ፣ ሙቀት ያበላሸዋል።

ቢሮ ከሆንሽ የጠዋቱ ይበቃሻል። ምሳ ሰዓት በእግርሽ የምትወጪ ከሆነ ድገሚው። ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጪ ፀሐይ በሌለበት በኩል ተቀመጪ፣ ይህ ነፃ ነው። ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ሂጂ። በጀልባ ወደ ዘጌ ከወጣሽማ በየሁለት ሰዓቱ መድገም የግድ ነው። ሐይቁ ላይ ንፋሱ ስለሚያቀዘቅዝሽ ፀሐዩ አይታወቅሽም፣ ማታ መስታወት ፊት ስትቆሚ ነው የሚታወቅሽ። ክረምት ላይም አትተዪው። ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

ማታውን አሳጥረዋለሁ። ቀኑን ሙሉ የተቀባሽውን በለስላሳ የፊት ሳሙና ታጠቢ፣ ርጥብ እያለ ቅባትሽን ቀቢ፣ ተኚ። እዚህ ላይ ብር ከተረፈሽ አንድ ነገር ብቻ ጨምሪ፦ ሬቲኖል (የቪታሚን ኤ ዓይነት ነው)፣ ወይም መድኃኒት ቤት ለብጉር የሚሸጠውን የዚያው ቤተሰብ የሆነውን አዳፓሊን። ለዓይን ሥር መስመር ሲሠራ የታየው ይህ ዓይነቱ ነው። በሳምንት ሁለት ማታ ጀምሪ፣ አተር የምታክል ለሙሉ ፊት፣ ዓይንሽን ሳትጠጊ። መጀመሪያ ይላጣል፣ ያሳክካል። ካልከበደሽ ቀስ በቀስ ጨምሪ። ውጤቱ ከሦስት ወር ወዲህ አይጠበቅም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ግን አትንኪው። በቪታሚን ሲ ሴረም፣ በኮላጅን ዱቄት፣ በወርቅ ማስክ ግን ጊዜሽን አላጠፋም። ቪታሚን ሲው ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው፣ ቶሎም ይበላሻል። የቀሩት ለሻጩ ነው የሚጠቅሙት።

አሁን ወደዚያ ቅልቅል ክሬም። ይህን ስትጠይቂ ደንገጥ ነው ያልኩት።

ክዳኑ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ዕቃ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። «እንደዚህ ያለ አላችሁ? አልቆብኝ ነው» ይላሉ። ፊታቸው ቀልቷል፣ እውነት ነው። ቀረብ ብለሽ ስታዪ ግን የጣታቸው መገጣጠሚያ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል፣ ጉንጫቸው ላይ ቀያይ የደም ሥር እንደ ክር ይታያል፣ ከጆሯቸው ፊት ለፊት ፀጉር በቅሏል። ፀሐይ ሲነካቸው ያቃጥላቸዋል። ይህ የስቴሮይድ ሥራ ነው። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የሚባሉት ለቆዳ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ቅልቅሉ ውስጥ የሚገቡት እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ ፊቱን ጥርት ያደርጉታል። ቆይተው ቆዳውን ያሳሱታል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ያረጀ ቆዳ ነው፣ አንቺ የምትሸሺው እሱን ነው!

ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት ያለበትም አለ። ሐኪም ለማዲያት ለተወሰነ ጊዜ ያዝዘዋል፣ ትክክል ነው። ለዓመታት ሲቀቡት ግን ጉንጭ ላይ ሰማያዊ አዘል ጥቁረት ያመጣል፣ እሱን ማስለቀቅ ከማዲያቱ ይከብዳል። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። አንዳንዱ ላይ «ካሎሜል» ብለው ይጽፉታል፣ ያው ሜርኩሪ ነው። የቢሮ ልጆቹ ክፉ አስበው አይደለም፣ እነሱም ገና የሚያምርበት ጊዜ ላይ ናቸው። ምናልባት ቅልቅሉን ጀምረሽው ከሆነ ግን፣ ሜርኩሪ እንዳለበት ካላወቅሽ በቀር፣ ደንግጠሽ በአንድ ቀን አትጣዪው። ፊት ተገልብጦ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ብጉር ያፈነዳል። ዕቃውን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ቀስ እያደረገ ያስወጣሻል።

የቤት ነገሮችን የጠቆሙሽም አሉ። ሎሚ ይቅርብሽ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁር ነጠብጣብም ይተዋል። እርድና ማር በሳምንት አንድ ቀን ብትቀቢ አትጎጂም፣ ነጭ አንሶላ ካልሆነ የምትተኚበት። የሩዝ ውሃ ሰሞኑን ፋሽን ሆኗል። እኛ ደግሞ የፎገራ ሩዝ ደጃችን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ደስ ካለሽ ተጠቀሚ፣ ተአምር ግን አትጠብቂ። እሬት ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው፣ ቢጫውን ፈሳሽ አስወግደሽ ነጩን ብቻ። ወይባ ጢስ ለሰውነት ምቾቱን አልክድም፣ ሽታውም ይናፍቃል። ፊትሽን ግን አታስገቢ። ሙቀት ማዲያት ይቀሰቅሳል። በዚሁ ምክንያት እንጀራ ስትጋግሪ ምጣዱ ላይ አጎንብሰሽ አትቆዪ።

ሌላ ልጠይቅሽ፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ትወስጃለሽ? ወይስ በቅርቡ ወልደሽ ነበር? ማዲያት ከሆርሞን ጋር በጣም የተያያዘ ነው። መንስኤው እንክብሉ ከሆነ ክሬም ብቻውን አይፈታውም። ራስሽ ግን አታቋርጪ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሌላ አማራጭ ተነጋገሪ። ከወሊድ በኋላ የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሲጋራ ካለ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ አልመክርሽም።

ብሩን በተመለከተ፣ በአንዴ ሁሉን አትግዢ። በዚህ ወር ደመወዝ ሰንስክሪኑን፣ በሚቀጥለው ለስላሳ የፊት ሳሙናና ሎሽን። ሬቲኖሉ ይቆይ። ሰንስክሪኑም ቢወደድብሽ ከዛሬ ጀምሮ ዣንጥላ መያዝ ትችያለሽ። ስስና ፈዛዛ ቀለም ያለውን ሳይሆን ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለውን ጥቁሩን ግዢ፣ ጨረሩን ይበልጥ የሚያስቀረው እሱ ነው። «ዝናብ ሳይኖር ምን ትሠሪበታለሽ?» የሚል የሠፈር ሰው አይጠፋም፣ ሳቂና እለፊ።