ጸሎት አልሆን ሲለኝ ንስሐ ልግባ ወይስ ሐኪም ጋ ልሂድ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ስሜን ባልጠቅስ ደስ ይለኛል። ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም። ዳዊት እከፍታለሁ፣ አንድ መዝሙር ሳልጨርስ ሐሳቤ ይበተናል። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ልቤ ድንጋይ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት እነቃና እስኪነጋ እንቅልፍ የለም። የምወዳቸው ሰዎች ሲደውሉ እንኳ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። አንዳንዴ ተኝቼ በዚያው ብቀር እላለሁ። እናቴ «መንፈስ ነው» ትላለች። ጓደኛዬ «ሐኪም ጋ ሂጂ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ እምነቴ ስለጎደለ ይመስለኛል። ሐኪም ጋ ብሄድ በእግዚአብሔር አለመታመን አይሆንብኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት እኔም ልጠይቅሽ። «ተኝቼ በዚያው ብቀር» የምትለዋን ነገር እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ አልፈሻል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? እንዴት እንደምታደርጊውስ አስበሻል? መልሱ «አዎ» ከሆነ የቀረውን አሁን አታንብቢ። የምታምኚውን ሰው ጥሪ፣ ብቻሽን አትሁኚ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ራስሽን ልትጎጂበት የምትችይው ነገር አጠገብሽ ካለም ሰው ያርቅልሽ። ይህን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይጨምራል ብለው የሚፈሩ አሉ። አይጨምርም። ብዙ ሰው እንዲያውም እፎይ የሚለው ሲጠየቅ ነው።

ወደዚያ ካልደረሰ እንቀጥል።

እምነትሽ ሙሉ ነው ብዬ አልሸነግልሽም፤ የማንስ ሙሉ ነው? የጻፍሽልኝ ነገር ግን የሕመም ምልክት ይመስላል። ሰው ሁሉ ይከፋዋል፣ ይደብረዋል። ሲውል ሲያድር ይለቀዋል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም እንዲህ ቶሎ አይለቅም። የስሜት መጨለም ወይም ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት፣ ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ይጠረጥራሉ። ከዚያ ላይ እንቅልፍ ይዛባል፤ እንዳንቺ ሌሊት መንቃት ወይም ቀን ሙሉ መተኛት። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል ወይም ይበዛል። ሳይሠሩ መድከም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን መኮነን ይመጣል። አንቺ ዳዊቱን መጨረስ ያቃተሽ ስለሰነፍሽ አይምሰልሽ። ጋዜጣም ብትይዢ አትጨርሺውም።

ሁሉም ሰው ግን አያለቅስም። አንዳንዱ፣ ወንዶች በተለይ፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፣ መጠጥ ያበዛል። አንዳንዱ ራስ ምታትና የጀርባ ሕመም ይዞ ይመላለሳል፤ ምርመራው ሁሉ «ደህና ነህ» ይለዋል። የወለደች እናትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ቢብሳት ያለ ነው። ከ2 ሳምንት ካለፈ ግን መታየት አለባት።

ለእኛ ለምእመናን የሚከብደው ራስን መኮነኑ ነው። ንስሐ ይመስላላ! ንስሐ ግን ኃጢአቱን ያውቀዋል፤ ይናዘዘዋል፣ ቀኖናውን ይቀበላል፣ ይፈታል። የድባቴ ጸጸት አድራሻ የለውም። የተናዘዝሽውን፣ የተፈታሽበትን ኃጢአት ደግመሽ ደጋግመሽ ትናዘዢዋለሽ፣ ያው አይቀልሽም። እንዲህ ሲሆን ንስሐ አባትሽም ሊጠረጥሩ ይገባል። ቀኖና በላይ በላዩ መጨመር የታመመን ሰው ሸክም ማብዛት ነው።

ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሏል (1ኛ ነገሥት 19)። የእሳቱ ነቢይ ነው እንዲህ ያለው። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። ኤልያስ ተኛ። መልአኩ ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም «ለምን ተኛህ?» አላለውም፤ ሁለተኛ መጥቶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በኮሬብ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ከንግግሩ እንጀምራለን።

እናትሽ «መንፈስ ነው» ማለታቸውን አልንቅም። ቤተ ክርስቲያን ክፉ መንፈስ የለም አትልም። ሆኖም ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምን እንዳደረገ ስሚ። ስታጊሪዮስ የሚባል መነኩሴ ጋኔን ያሠቃየኛል ብሎ ከሐዘን ብዛት ሕይወቱን ጠልቶ ነበር። አፈወርቅ ሦስት መጻሕፍት ጻፈለት። ፍሬ ነገሩ፦ ከጋኔኑ ይልቅ የሚጎዳህ ከልክ ያለፈው ሐዘንህ ነው፣ እርሱን ታገል የሚል ነው። እንግዲህ እናትሽ ልክ ቢሆኑ እንኳ ሐዘኑ መታከም አለበት።

ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት ነው ወይ ላልሽው፣ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢው። ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ስትታመም ጸልይ፣ ከኃጢአት ተመለስ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይላል። አንዱን ምረጥ የሚል ቃል የለበትም። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ። የአእምሮ ሐኪም ካላገኘሽ ከጠቅላላ ሐኪም ጀምሪ። ሐኪሙ ደምሽን ሊመረምር ይችላል፣ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ድባቴ ይመስላሉና። «ደክሞኛል» ብለሽ ብቻ እንዳትመለሺ። ሌሊት መንቃቱን፣ ስልኩን፣ ያቺንም ሐሳብ ሳትደብቂ ንገሪው። ቀለል ያለ ከሆነ ከባለሙያ ጋር በሚደረግ የንግግር ሕክምና ብቻ ሊስተካከል ይችላል። ከበድ ካለ መድኃኒት ይታከልበታል።

እስከዚያው ጸሎትሽን አሳጥሪው። «አቤቱ ማረኝ» ማለት ከቻልሽ በቂ ነው። ዳዊቱን ጓደኛሽ ታንብብልሽ፣ አንቺ ስሚ። ጾሙ ከበረታብሽ፣ በተለይ ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው ማቅለል ሥልጣናቸው ነው። የመድኃኒት ሰዓትና ቅዱስ ቁርባን እንዳይጋጩብሽም ከእርሳቸው ጋር ተነጋገሪ።

ጸበል ጠጪ፣ ተጠመቂ። መድኃኒቱን ግን በጸበል ሰበብ እንዳታቋርጪ። «ወይ ይሄ ወይ ያ» የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ አገልጋይ ነኝ ቢልም አትስሚው። በዚህ ምክንያት አቋርጠው ብሶባቸው የመጡ ሰዎችን አይቻለሁ።

የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን ወዲያው አይሠራም። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ሊዘገይም ይችላል። የማቅለሽለሽ ዓይነቱ የጎንዮሽ ጉዳት ግን ቀድሞ ይመጣል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። የመሞት ሐሳቡ ከበረታብሽ ወይም ዕረፍት ከነሣሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ለሐኪሙ ደውዪ። ሲሻልሽ ደግሞ «ድኛለሁ» ብለሽ በራስሽ አታቁሚ። ከተሻለሽ በኋላም ቢያንስ 6 ወር መቀጠል የተለመደ ነው፤ ማቆሙም ቀስ በቀስ፣ ሐኪሙ ባለሽ መጠን ይሁን።