«መኪናው ነው ወይስ እኔ?» የቆዳ ስፌት ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቆዳ መስፊያ መኪና ናቸው። ስድስቱን መርጫለሁ። ረዘም ያለ መልስ የሚፈልገውን አስረዝሜዋለሁ፣ በአራት መስመር የሚያልቀውን በአራት መስመር ጨርሼዋለሁ። ቅር እንዳትሰኙ።

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ቤቴ ውስጥ የሴት ቦርሳ እሠራለሁ። ያለኝ መኪና ያገለገለ ጁኪ ዲዲኤል 8700 ነው። ሁለት ድርብ ቆዳ ጥሩ አድርጎ ይሰፋል። መያዣው ጋ ስደርስ ግን አራት ድርብ ይሆናል፣ ያኔ ስፌቱ ይዘላል፣ የታችኛው ቆዳ ቀድሞ ይሄድና የላይኛው ይተርፍብኛል። አንድ ደላላ «ኢንዱስትሪያል ከባድ መኪና አለ፣ ስድስት ድርብ ጂንስ ይበላል» እያለ ይደውልልኛል። ልግዛው? (ቦርሳ ሰፊዋ፣ ከአዲስ አበባ)

አትግዢ። ቢያንስ ነገ አትግዢ።

አንደኛ፣ ያንቺም መኪና ኢንዱስትሪያል ነው። «ኢንዱስትሪያል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። 8700 በደቂቃ እስከ 5500 ስፌት እንዲሰፋ ተብሎ የተሠራ የሸሚዝና የሱሪ ፋብሪካ መኪና ነው። ሥራውን የሚስበው ከታች ባለው ጥርስ ብቻ ነው፤ የላይኛው እግር ዝም ብሎ ይጫናል። ጨርቅ እግሩ ሥር ይንሸራተታል፣ ችግር የለውም። ቆዳ ግን እግሩ ላይ ሙጭጭ ይላል። ስለዚህ የታችኛው ይሄዳል፣ የላይኛው ይቀራል፣ አንቺም መጨረሻ ላይ ግማሽ ሴንቲ ተርፎሽ በመቀስ ትቆርጫለሽ። ደላላው የሚልሽ መኪናም ከታች ብቻ የሚስብ ከሆነ (ጂንስ ይበላል ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ እንደዛ ነው) ጉልበት ትጨምሪ እንደሆነ እንጂ ችግሩ አብሮሽ ነው።

ለቦርሳ የሚያስፈልግሽ እግሩ የሚራመድ መኪና ነው፣ ሻጮቹ «ዎኪንግ ፉት» የሚሉት። ከነሱም ውስጥ መርፌው፣ የላይኛው እግርና የታችኛው ጥርስ ሦስቱም አብረው የሚሄዱት። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንደተሰካ ራሱ ወደ ኋላ ይጓዛል፣ ስለዚህ አራቱ ድርብ በሚስማር እንደተመታ ሆኖ አብሮ ይሄዳል፣ መንሸራተቻ የለውም። የዚህ ዓይነቱ በደንብ የሚታወቀው ጁኪ ዲኤንዩ 1541 ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ እስከ 2500፣ የስፌቱ ርዝመት እስከ 9 ሚሊ። ከያንዳንዱ ሽያጭ ጋር የሚወራው ፍጥነት ነው፤ ይሄኛው ግን ካንቺ መኪና ከግማሽ በታች ነው የሚሮጠው። ለቆዳ ደግሞ እሱም ይበዛል። የቻይና ተመሳሳዩም ይሠራል፣ መለዋወጫውም ብዙ ጊዜ ይገጣጠማል።

አሁን ወደ መዝለሉ። እሱን ምናልባት ብር ሳታወጪ ታስተካክይዋለሽ። ቆዳው መርፌው ሲወጣ አብሮት ብድግ ይላል፤ ብድግ ሲል ከታች ክሩ ቀለበት አይሠራም፣ መንጠቆው የሚይዘው ነገር ያጣል። የእግሩን ጫና ትንሽ ጨምሪ። መርፌሽን ደግሞ እይው። 8700 የሚወስደው ዲቢ በ1 የሚባለውን ነው፣ የቆዳ ጫፍ ያለው አለልሽ፣ ጠይቂና ግዢ። ቁጥሩን ከክርሽ ጋር አስማሚ፤ ለቲኬት 40 ክር (ቲኬት የክሩ ውፍረት ቁጥር ነው) 16 ወይም 18 ቁጥር መርፌ ደህና ነው። ቲኬት ላይ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ክሩ እንደሚወፍር አትርሺ፣ 20 ከ40 ይወፍራል። ብዙ ሰው ይሄን ገልብጦ ይገዛል። ካልተማመንሽ አንድ ስንዝር ተኩል ክር ቆርጠሽ መርፌው ውስጥ አስገቢና ክሩን ሰያፍ ወጥረሽ ያዢው። መርፌው በራሱ ሸርተት ብሎ ከወረደ ተስማምተዋል። መሀል ላይ ቆሞ ከቀረ መርፌው ቀጥኗል።

ማስቲሹስ? ሳይደርቅ ትሰፊ ይሆን? እርጥብ ማስቲሽ መርፌው ላይ ይጋገርና ክር ያዘልላል። የመያዣውን ጠርዝ በቢላ ፍቀሽ አሳስተሽ አራቱን ድርብ ወደ ሦስት ውፍረት ብታወርጂው ደግሞ ግማሹ ችግር መኪናው ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ያገለገለ 1541 ለማየት ስትሄጂ የራስሽን ቆዳ፣ የራስሽን ክርና መርፌ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ በጨርቅ ሰፍቶ ቢያሳይሽ «ጎበዝ» በይውና ያንቺን ቆዳ አውጪ። መጀመሪያ ሞተሩን አታስነሺ። የቀኙን ጎማ በእጅሽ ቀስ አድርገሽ አዙሪው፤ አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ከሆነ ውስጡ የሚፋተግ ነገር አለ። መርፌው የታሰረበትን ዘንግ ይዘሽ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቂው፣ ከተንቀጫቀጨ አልቋል። ከዚያ የብሎኖቹን ራስ እይ። የብሎን ራስ ተበልቶ ካየሽ ያ መኪና ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ተለማምዶበታል። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ መኪና ደግሞ በበኩሌ አልወድም፣ ቆሻሻው ላይ ቢያንስ ታሪኩ ይነበባል። መጨረሻ ላይ ከሁለት ድርብ ወደ አራት አውጪው፣ አውርጂው፣ ወደ ኋላ መልሺው። ሲመለስ መርፌው የቀድሞው ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት።

በእጅ የሚዞር የጫማ መጠገኛ መኪና ገዛሁ። ቀበቶ ማምረት እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መጠገን ትችላለህ፣ ማምረት አትችልም። ያ መኪና የድሮው ሲንጀር 29ኬ ልጅ ነው። «ኬ» የሚለው ስኮትላንድ ክላይድባንክ ከነበረው የኪልቦዊ ፋብሪካ የመጣ ነው። እግሩ በየአቅጣጫው ይዞራል፣ ቀጭን ክንዱ ጫማ ውስጥ ድረስ ይገባል፣ ለዚያ ሥራ እስካሁን የሚስተካከለው የለም። ግን ቦቢኑ ትንሽዬ ናት፣ ቶሎ ቶሎ ክር ታልቅብሃለች፣ መስመሩንም ቀጥ አድርጎ መያዝ ፈተና ነው። የቻይናውን ከገዛህ ጥርሶቹና ጠርዞቹ ሻካራ ሆነው ነው የሚመጡት። ክሩ የሚያልፍበትን ሁሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ሌላ መኪና ይሆንልሃል።

መርፌዬ ዘለበት መትቶ ተሰበረ። አዲስ ቀየርኩ። ጎማው ይዞራል፣ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ክር ግን ጭራሽ አይያያዝም። መኪናው የ1541 ዓይነት ነው። መካኒኩ «ታይሚንጉ ሄዷል፣ ይፈታል» አለኝ። (ጫማ ሠሪ፣ ከደሴ)

ታይሚንግ ማለት መርፌውና መንጠቆው የሚገናኙበት ጊዜ ነው። ሳይፈታ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጠኝ። መንጠቆውን፣ ማለትም ቦቢኑን አቅፎ የሚዞረውን ብረት፣ መሸፈኛውን ስበህ እየው። ጎማውን በእጅህ ስታዞር እሱም ይዞራል? ካልዞረ ደስ ይበልህ። ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤስ» ያለበት 1541 መከላከያ ክላች አለው፤ ክር ሲታነቅ ወይም መርፌ ብረት ሲመታ መንጠቆው እንዳይሰበር ብሎ ራሱን ያላቅቃል። የመኪናው የብረት መደብ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነህ ጎማውን ጠንከር አድርገህ አዙር። «ቀጭ» ይልና ይመለሳል። ክፍያ የለውም።

መንጠቆው ከዞረና አሁንም ካልያዘ፣ መርፌውን አይተኸዋል? እስከ ላይ ገብቷል? ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ወገን፣ የተጎረደው ጎኑ ወደ መንጠቆው ነው የሚዞረው። በችኮላ የገባ መርፌ ስንቱን ታይሚንግ አስፈትቷል መሰለህ።

እሱም ደህና ከሆነ የመርፌውን ሰሌዳ ፍታና የስልክህን መብራት አብርተህ ጎንበስ በል። ጎማውን በቀስታ አዙር። መርፌው ታች ደርሶ መመለስ ሲጀምር፣ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ከፍ እንዳለ፣ የመንጠቆው ጫፍ መርፌው ጀርባ ላይ መድረስ አለበት፣ ከቀዳዳው 1.5 ሚሊ ገደማ ከፍ ብሎ። በመሀላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ቅጠል ወረቀት አይበልጥም፤ ነክቶ መርፌውን ከገፋ ደግሞ በዝቷል። ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከደረሰ መካኒኩ ልክ ነው፣ ይስተካከል። ግን ስታስተካክል ዘወትር የምትሰፋበትን ቁጥር መርፌ አስገብተህ ይሁን። በ18 ተስተካክሎ በ23 ስትሰፋ ወፍራሙ መርፌ መንጠቆውን ሊነካው ይችላል። በመጨረሻ የመንጠቆውን ጫፍ በጥፍርህ ዳሰው። ጥፍርህን ከጫረው ዘለበቱ ጎድቶታል፣ ክር ይበጥሳል። በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ጫፉን ግን እንዳታሳጥረው፤ ካሳጠርከው መንጠቆ ልትገዛ ነው።

ፔዳሉን ስነካው ሞተሩ በአንዴ ይሮጣል። ቀስ ብሎ መስፋት አቃተኝ። ሰርቮ ልቀይር? (ከአዳማ)

የክላች ሞተር ጠባይ ነው። የተለመደው በእኛ መብራት በደቂቃ ወደ 2850 ይዞራል፣ አንተ በእግርህ ክላቹን እያሸህ ነው የምታበርደው። መጀመሪያ ርካሹን ሞክር፤ የሞተሩን ፑሌጃ አሳንስ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የሞተሩን ዙር በሞተሩ ፑሌጃ አብዛ፣ ለመኪናው ጎማ አካፍል። ባለ 70 ሚሊ ፑሌጃ 100 ሚሊ ጎማ ላይ በደቂቃ ወደ 2000 ይሰጥሃል፣ ባለ 45 ግን ወደ 1280። ፍጥነቱ ሲወርድ መርፌው የሚወጋበት ጉልበት ይጨምራል፣ ሁለቱም ላንተ ናቸው። ፑሌጃ ቶርኖ ቤት ያስቀርጹልሃል፤ ምን አለሽ ተራ ዞር ዞር ብትል ደግሞ የተጠቀሙበት ሊገኝ ይችላል። ቺንጊያው ይረዝምብሃል፣ ሞተሩን ዝቅ አድርገህ ወጥረው፣ እምቢ ካለ አጭር ግዛ።

ሰርቮው፣ ማለትም ፍጥነቱን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረው ሞተር፣ ደግሞ ቢገዛም አይቆጭም። ፔዳል ካልረገጥክ አይዞርም፣ ዝም ይላል፣ የመብራት ቆጣሪህም ያርፋል። ሁለት ነገር ግን እወቅ። ርካሾቹ በጣም ቀስ ሲሉ ወፍራም ቆዳ ላይ ይደክማሉ፣ ስለዚህ ትንሹን ፑሌጃ እሱም ላይ ግጠም። ሁለተኛ፣ ውስጡ ቦርድ አለው፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት አይወድም። እኔ አንዱን በዚሁ አቃጥያለሁ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል፣ ተመልሶ ሲረጋ ሰካው።

ጥርሱ የበግ ቆዳዬ ላይ ጠባሳ ይተዋል። (ከአዲስ አበባ)

ጫናውን ቀንስ፣ ለስላሳ እግር ግጠም፣ የጥርሱን ሹል ሹል ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነካ ነካ አድርገው። ሞረድ እንዳታነሳ! በጀማሪነቴ ጥርሱን በሞረድ አለስልሼ አለስልሼ በመጨረሻ ቆዳ መሳብ አቆመ። ቀን ሙሉ ሠርቼ ማታ አዲስ ጥርስ ገዛሁ። ለእግሩም እንደዛው ነው። ኦርጅናሉን አስቀምጥና ሁለተኛ ገዝተህ እሱን አለስልስ።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ጫማ እጠግናለሁ። ያገለገለ 1541 ከነጠረጴዛውና ከነሞተሩ አግኝቼ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልልክለት ነው። ቀበቶና ቦርሳ ይሠራል። ምን ትመክረኛለህ?

የመኪናውን ራስ፣ ማለትም የሚሰፋውን የላይኛውን ክፍል ብቻ ላክ። ሞተሩንና ጠረጴዛውን እዚያው ሽጣቸው። የእናንተ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ያንተን ሰርቮ እዚህ ሶኬት ላይ ከሰኩት ወንድምህ ጭስ ነው የሚያየው። ክላች ሞተር ከሆነ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድለታል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፤ ሞተሩ ይዘገያል፣ ይግላል። ለትራንስፎርመሩ የሚወጣው ብር እዚህ ሞተር ለመግዛት ይዋል። ስሪ ፌዝ ሞተር አግኝቶ «ርካሽ ነው» እንዳይልህም አስጠንቅቀው፣ ቤቱ ያለው ሲንግል ፌዝ ከሆነ አይሆነውም።

ራሱ ብቻውን ከ30 ኪሎ በላይ ስለሆነ በሻንጣ አስበህ ከሆነ እርሳው። ዘይቱን አፍስሰህ፣ የክር ማቆሚያውንና የሚወጣውን ሁሉ ፈትተህ፣ በእንጨት ሳጥን ይሂድ። ለሚመጣ ሰው ግን መርፌ ላክበት። 135 በ16 ለቆዳ፣ 135 በ17 ለገበርና ለሸራ፣ ከ18 እስከ 23 ቁጥር። መቶ መርፌ ከአንድ መሐረብ አይከብድም፣ ወንድምህም መርፌ ፍለጋ መርካቶን ከመዞር ይድናል።

ከመላክህ በፊት ደግሞ ደውልለትና ቀበቶውን በካሊፐር ለክቶ ይንገርህ። 4 ሚሊ ቆዳ ደርቦ በወፍራም ክር የሚሰፋ ከሆነ ለቦርሳው እንጂ ለቀበቶው 1541 ይቸገራል፣ ለወፍራም ቆዳ የተሠራውን የጁኪ ቲኤስሲ 441 ዓይነት መኪና መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው።