የሟች ስም በይዞታ ደብተር ላይ ሲቆይ፦ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በገጠር መሬት ክርክር ጥብቅና ቆሜ ባሳለፍኩት ረጅም ዘመን፣ ቤተሰቦች የአባታቸውን መሬት ሲያጡ ደጋግሜ ያየሁት ምክንያት አንድ ነው፤ ባለይዞታው ከሞተ በኋላ ስሙ በደብተሩ ላይ እንዳለ ዓመታት ያልፋሉ፣ ወራሾቹም «የራሳችን መሬት ነው፣ ማን ይነካናል» ብለው ይቀመጣሉ። እናንተ ከሁሉ በላይ ልትረዷቸው የምትችሉት በእነዚያ ዓመታት፣ ገና ማንም ከሳሽ ሳይነሣ ነው።

መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ከሆነ ጀምሮ ገበሬው የሚያወርሰው የይዞታ መብቱን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባለይዞታው መብቱን ለቤተሰቡ አባል እንዲያወርስ ሲፈቅድ፣ የቤተሰብ አባል የሚባለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው መሆኑን ጽፏል። ይህች አጭር ትርጓሜ ርቃ ያገባችን ልጅ፣ ወይም ጅዳ በሰው ቤት እየሠራች ለአባቷ የበሬና የማዳበሪያ መግዣ ስትልክ የኖረችን ልጅ ከውርስ ውጭ ለማድረግ መከራከሪያ ሆና ስትቀርብ ማየት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ወጥቷል፣ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ ሟቹ የሞተበትን ቀንና በዚያ ቀን ይሠራበት የነበረውን ሕግ ሳታረጋግጡ ለማንም ሴት ልጅ «ድርሻ የለሽም» አትበሉ።

ደብተሩን ስትቀበሉ በጥንቃቄ አንብቡት። በ1990ዎቹ በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ክልሎች የተስፋፋው የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ብዙውን ጊዜ ካርታ አልነበረውም፤ መሬቱ በገመድ ተለክቶ በአራቱም አቅጣጫ የአዋሳኞቹ ስም ይጻፍ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ አዋሳኞች ብዙዎቹ በሕይወት የሉም፣ ማሳውም ተከፋፍሎ ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ «በምሥራቅ እገሌ» የሚለው መስመርም ብቻውን ምንም አያስረዳም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ማሳው ይሁን። ወሰኑን የሚያውቁ አዛውንቶችን፣ የዛሬዎቹን አዋሳኞችና የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይዛችሁ ድንበሩን በእግራችሁ ዙሩት፤ የተስማሙበትን በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ ሁሉንም አስፈርሙ። አንድ አዛውንት ሲሞቱ የሚጠፋውን ምስክርነት የትኛውም ፍርድ ቤት አይመልሰውም። ቀበሌው ማሳው በካርታ የሚሠፍርበትን ሁለተኛውን ደረጃ ምዝገባ ጨርሶ ከሆነ፣ የማሳው ካርታ ከዚህ ቃለ ጉባኤ ጋር መስማማቱን፣ የሚስትየዋም ስም ከባሏ ጋር መጻፉን አመሳክሩ።

ባለይዞታው በሕይወት ካለና የክልሉ ሕግ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ስለ ኑዛዜ ሳትፈሩ አንሡለት። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 881 መሠረት በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ይህ ሥርዓት መፈጸሙም በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ አለበት። የሽማግሌው ፍላጎት ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ «ተነበበ» የሚል ዓረፍተ ነገር ባለመጻፉ ብቻ የፈረሰ ኑዛዜ ይዞ ከሚመጣ ልጅ ጋር መነጋገር በሥራችን ውስጥ ከሁሉ የሚከብድ ነው። ባለይዞታው ሞቶ ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተው ወዲያው ስም እንዲያዞሩ ገፋፏቸው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 1000 የተደነገገው የውርስ ክስ የ3 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ በገጠር መሬት ላይ ስለመሥራቱ ብዙ ተከራክረናል፤ ደንበኞቻችሁ ግን የዚህ ክርክር መፈተኛ መሆን የለባቸውም።

መሬቱን ማን እንደሚያርሰውም ጠይቁ። ምርቱን ለመካፈል በእኩል የተሰጠ፣ ወይም በወለድ አገድ፣ ማለትም ለብድር መያዣነት፣ የተያዘ ማሳ ውሉ በወረዳ ሳይመዘገብ ሲቆይ፣ አራሹ «ሟች በስጦታ ሰጥተውኛል» ብሎ ይነሣል፤ ስጦታ የተባለውም አንዳንድ ጊዜ ሕጉ የከለከለው ሽያጭ ሆኖ ይገኛል። ከተማ ወደ ቀበሌው ሲጠጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚከፈለው ካሳ መብቱን በማስረጃ ለሚያሳይ ባለይዞታ ነው።

በመጨረሻ የማነሣው ብዙ ጊዜ የምንዘነጋውን ነው። ወንድሞችና እህቶች አንድ ላይ ወደ ቢሮአችሁ ሲመጡ ታላቅ ወንድም ይናገራል፣ እህቶች ዝም ይላሉ። እያንዳንዷን ለብቻዋ አነጋግሯት። ድርሻዋን የምትተውበት ወረቀት ከቀረበላት፣ ምን እንደምትፈርም በራሷ አንደበት እስክትነግራችሁ ድረስ አታስፈርሟት። ጥብቅና የቆማችሁት ለወንድሟ ከሆነም ይህንኑ በግልጽ ንገሯትና፣ በአቅራቢያዋ ወዳለ የዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ላኳት።