ስለ ቺኩንጉንያ ጠይቁኝ

የድሬ ልጅ ነኝ፤ ውሎዬ ላብራቶሪ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሰፈራችን ሁሉ ታሞ ሲተኛ እኔም አልቀረልኝም። ቢንቢ ስለምታስተላልፈው ስለዚህ ቫይረስ የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ይሄ በሽታ ከየት መጣብን?

እ.ኤ.አ. በ1952 ደቡብ ታንዛኒያ ውስጥ ነው የታወቀው። ስሙ የማኮንዴ ቋንቋ ነው፤ «የሚያጎብጥ» እንደማለት። እውነታቸውን ነው። ሽንት ቤት የምሄደው ግድግዳ ይዤ ነበር። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 ዶሎ አዶ ታየ፤ በ2019 ድሬ ገብቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳመመ።

ጥያቄ፦ ቫይረሱ «ተቀየረ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐረር ጁገል ድሮ ቁርኣን በእጅ የሚገለብጡ ሰዎች ነበሩ። ጽፈው ሲጨርሱ ያመሳክራሉ። ይሄ ቫይረስ ወደ 11,800 ፊደል የሚሆን አርኤንኤ፣ ማለትም የዘር መመሪያ፣ አለው፤ ሲገለብጠው ግን ማመሳከር አያውቅም። አብዛኛው ስህተት ከንቱ ነው፤ አንዳንዱ ራሱን ቫይረሱን ይገድለዋል። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ይቀናዋል።

ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ሬዩኒየን ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የሆነው ይሄ ነው። እዚያ የለመዳት ቢንቢ፣ ኤደስ ኢጂፕታይ፣ እምብዛም የለችም። የበዛችው ዘመዷ፣ ነብሯ ቢንቢ ናት። ኢ1 በሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን 226ኛው ቦታ ላይ አላኒን የሚባለው የፕሮቲን ጡብ ቫሊን በሚባለው ተተካ። አንዲት ለውጥ! በዚያች ምክንያት ቫይረሱ በነብሯ ቢንቢ ሆድ ውስጥ ተመቸው። ከደሴቱ ሕዝብ ሲሶው ገደማ ታመመ። ነብሯ ደግሞ ብርድ ትችላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሊያን ገጠር ድረስ ወረርሽኝ ተነሳ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ድሬም የገባው ያው ነው?

አይደለም። የድሬው ከምሥራቅ፣ መካከለኛውና ደቡብ አፍሪካ ቤተሰብ ነው፤ ያ የ226 ለውጥ ግን የለውም። አያስፈልገውማ! የእኛዋ ቢንቢ ኢጂፕታይ ናት፤ ድሮም ታስተናግደዋለች። ስለዚህ «አዲስ ሚውቴሽን መጣ» ሲሉኝ ቶሎ አልደነግጥም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ካሪቢያን የገባውም ያ ለውጥ አልነበረውም፤ በአንድ ዓመት ግን ከሚሊዮን በላይ ሰው አዳረሰ። እኔን የሚያስፈራኝ ቢንቢዋ የምትፈለፈልበት የውሃ በርሚሉ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ በርሚሏን ሁሌ ትከድናለች። አይበቃም?

እናትዎ ይኑሩ! ክዳኑ ክፍተት ካለው ግን አይበቃም። ውሃው ሲጎድል ከመስመሩ ከፍ ብሎ ግድግዳውን በባትሪ ይዩት። ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ እንቁላሏ ነው። ደርቆ ወራት ይቆያል፤ የፈረቃው ውሃ መጥቶ ሲሞላ ይፈለፈላል። ውሃውን መድፋት ብቻ አይነቅለውም። በቡሩሽ በደንብ ይፈተግ፣ በየሳምንቱ።

ጥያቄ፦ እኛ ሐረሮች ብርድ ላይ ነን፤ አይደርስብንም አይደል?

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። ቢንቢዋ ሙቀት ትወዳለች፤ በዚህ ትሻላላችሁ። ሚኒባሱ ግን ቫይረሱን በደሙ የያዘ ሰው ጭኖ ዳገቱን በየቀኑ ይወጣል።

ጥያቄ፦ አጎበርስ?

ይቺ በቀን ነው የምትነክሰው። በርጫ ላይ እግርህን ዘርግተህ ሳለ ትጨርስሃለች። ቀን ለሚተኛ ሕፃንና ለታመመ ሰው ግን ዘርጉለት።

ጥያቄ፦ አንዴ ይዞኛል፤ ዳግም ይይዘኛል?

ቺኩንጉንያ አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ አይደግምም። ዴንጊ ግን አራት ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬ ላይ ያየነው እሱን ነው። ትኩሳቱ ስለሚመሳሰል ዴንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አትዋጥ፤ ደም ሊያስፈስስ ይችላል። ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ይሻላል። መገጣጠሚያው ወራት ሊያሳምም ይችላል። እኔ ኩባያ በአንድ እጄ ማንሳት የቻልኩት ጥር ላይ ነው።