ሁለት ወር ቡስኮፓን ዋጥኩ፣ ማቃጠሉ ግን ባሰብኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ ከእምብርቴ በላይ ይቆርጠኛል፣ ማታ ማታ ደግሞ ያቃጥለኝና እስከ ደረቴ ይወጣል። ጎረቤቴ ቡስኮፓን የሚባል የቁርጠት ክኒን ሰጥታኝ ቁርጠቱ ለቀቅ አለልኝ፣ ከዛ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ከፋርማሲ እየገዛሁ እየዋጥኩ ነው፣ ማቃጠሉ ግን ባሰብኝ። ጨጓራዬን ያድነዋል ወይስ ዝም ብዬ ነው የምውጠው?

መልስ፦ እህቴ ቁርጠቱ ለቀቀኝ ማለትሽ ልክ ነው። አንጀታችን እኛ ሳናዘው በራሱ የሚሰራ ጡንቻ አለው፣ እሱ ጭብጥ አድርጎ ሲይዝ ነው የሚቆርጠን፣ ቡስኮፓን ደግሞ ተኮማተር የሚለውን የነርቭ መልእክት ይዘጋና ጡንቻውን ያላላዋል። ኢንዶስኮፒ (በአፍ ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብቶ ጨጓራን ማየት) ሲሰራም የትንሹ አንጀት መጀመሪያ እየተንቀሳቀሰ እንዳያስቸግር በመርፌ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ግን ምን ያህል ይረዳል ካልሽ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ላይ ቁርጠት የሚመላለስባቸው 1637 ሰዎች በአራት ቡድን ተከፍለው ለ3 ሳምንት አንዱ ቡስኮፓን 10 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ሌላው ፓራሲታሞል፣ ሌላው ሁለቱን አንድ ላይ፣ የቀሩት ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ፤ ከ10 በሚለካው ሕመም ቡስኮፓን የወሰዱት በ2.3 ሲቀንስላቸው ባዶውን ክኒን የዋጡትም በ1.9 ቀንሶላቸዋል። ይረዳል ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ቁርጠት እኮ በራሱም መጥቶ ይሄዳል።

ያንቺ ማቃጠል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። አሲዱ ወደ ላይ እንዳይወጣ የጨጓራን አፍ የሚዘጋው ያው የዚሁ ዓይነት ጡንቻ ነው፣ ቡስኮፓን እሱንም ሊያላላው ይችላል፣ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድም ያደርጋል፣ ስለዚህ የባሰብሽ በሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ደግሞ ቁስል ካለ ጡንቻ ማላላት ቁስሉን አያድንም፤ ዋረንና ማርሻል የሚባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች በ1982 እ.ኤ.አ. ኤች ፓይሎሪ የምንለውን ባክቴሪያ ለይተው አውጥተው የብዙው ቁስል መነሻ እሱ መሆኑን አሳይተዋል፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ያሸለማቸውም ይሄ ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ባክቴሪያው በጣም የተለመደ ነው።

ስለዚህ በራስሽ መግዛቱን አቁሚና ሐኪም ጋር ሄደሽ የኤች ፓይሎሪ የሰገራ ምርመራ ጠይቂ፣ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) እየወሰድሽ ከሆነ ካቆምሽው 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ከሆነ 4 ሳምንት ካላለፈው ውጤቱ በውሸት ነጻ ነሽ ሊልሽ ስለሚችል አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይ የልብ ሕመም ካለብሽም አትደብቂ፣ መድኃኒቱ ለነሱ ላይስማማ ይችላል። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰሽ ወይም ሳታስቢው ከከሳሽ ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትይ ዛሬውኑ ሂጂ።