መረጃ ሞልቶ እንዴት መዘናጋት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የስለላ ተቋማት ይህን ያህል አቅም እያላቸው አገሮች ለምን በድንገተኛ ጥቃት ይያዛሉ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚታጣው መረጃው ሳይሆን፣ መረጃውን አምኖ የሚቀበል ሰው ነው። የእስራኤል ወታደራዊ መረጃ ክፍል በ1973 እ.ኤ.አ. ግብፅ ረጅም ርቀት የሚጓዙ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችና ሚሳይሎች ሳታገኝ፣ ሶርያም ያለ ግብፅ ጦርነት እንደማይከፍቱ አምኖ ተቀምጦ ነበር። በመሆኑም በስዊዝ ቦይ ዳር የተከማቸው የግብፅ ጦር ለልምምድ የወጣ ተደርጎ ተወሰደ፤ ልምምዱ ሽፋን ሊሆን እንደሚችል የጻፈ አንድ ወጣት መኮንን ሪፖርቱ ከአለቆቹ ጠረጴዛ አላለፈም። የግብፅና የሶርያ ጥቃት ኦክቶበር 6 ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ የሶቪየት አማካሪዎች ቤተሰቦች በጥድፊያ ከግብፅና ከሶርያ ሲወጡ እንኳ፣ ዋናው ግምገማ ንቅንቅ አላለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ግብፅ አታለለቻቸው ወይስ ራሳቸውን አታለሉ?

መልስ፦ ሁለቱም። የተዋጣለት ማዘናጊያ አዲስ እምነት ለመትከል አይደክምም፤ ባላጋራው አስቀድሞ ያመነውን ያጠናክርለታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 ጀርመኖች ዋናው ወረራ በሰሜን ፈረንሳይ በፓ ደ ካሌ በኩል እንደሚመጣ ስለገመቱ፣ ባላጋራዎቻቸው እንግሊዝ፣ አሜሪካና አጋሮቻቸው በአየር የተነፉ ታንኮችና የሐሰት የሬዲዮ ልውውጥ ያለው፣ በአሜሪካዊው ጄኔራል ፓተን የሚመራ የሚመስል የሌለ ጦር ፈጠሩላቸው። በሌላው የፈረንሳይ ጠረፍ፣ ኖርማንዲ ላይ፣ ጦር ከወረደ በኋላ እንኳ የጀርመን 15ኛ ጦር አብዛኛው ክፍል ለሳምንታት ካሌ አካባቢ ሲጠብቅ ቆየ።

ጥያቄ፦ ሳተላይትና ድሮን ይህን አላስቀሩትም?

መልስ፦ አላስቀሩትም። ካሜራ የታንክን ብዛት እንጂ የአዛዡን ውሳኔ አያሳይም። ሰማዩ በድሮን በተሞላበት ጦርነት መካከል፣ ዩክሬን በኦገስት 2024 ወደ ሩሲያዋ ኩርስክ ግዛት ስትገባ ሞስኮ ሳትዘጋጅ ተገኝታለች።

ጥያቄ፦ መፍትሔ አለው?

መልስ፦ ከፊል። ከ1973ቱ ጦርነት በኋላ የአግራናት መርማሪ ኮሚሽን ያቀረበውን ምክር ተከትሎ፣ እስራኤል የተቋሙን ግምገማ በተቃራኒው የሚሞግት ክፍል አቋቋመች። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ሥራው መቃወም ብቻ መሆኑ የታወቀ ሰው ከጊዜ በኋላ የሚሰማው ያጣል። ይኸው ክፍል በሥራ ላይ እያለ ነው ሐማስ ኦክቶበር 7 ቀን 2023 የጋዛን አጥር ጥሶ የገባው።